ለፍየል የትኛው ሴሌኒየም ይሻላል? ሴሌናይት፣ እርሾ፣ ናኖ፣ ቦለስና መርፌ በጨጓራ ረቂቅ ተሕዋስያን በኩል ሲታዩ

ሴሌኒየም ፍየል በጥቂቱ የሚያስፈልጋት ማዕድን ነው። በአፍ የተሰጠው ለፍየሏ የሚደርሳት፣ ጨጓራዋ (የመጀመሪያውና ትልቁ የሆድ ክፍል) ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የድርሻቸውን ወስደውና የቀረውን ለዋውጠው ከጨረሱ በኋላ ነው። ልዩነቱን ምልክት ባለው ሴሌኒየም የተከታተሉት የቆዩ ሙከራዎች በግልጽ አሳይተዋል፤ አሳማ ከዋጠው ሴሌናይት (የተለመደው የሴሌኒየም ጨው) 85 በመቶ ገደማውን ወደ ሰውነቱ ሲያስገባ፣ እንደ ፍየል የሚያመሰኳው በግ ያስገባው 34 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። ስለዚህ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የሚሊግራም ቁጥር ብቻ አይቶ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ አያስኬድም።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። በፉርሽካ፣ በኑግ ፋጉሎና በድርቆሽ ለሚደልብ ሙክት በደንብ የተቀላቀለ የሶዲየም ሴሌናይት ፕሪሚክስ (ማዕድኑ አስቀድሞ የተቀላቀለበት የመኖ ዱቄት) ይበቃል። ለመውለድ ለተቃረበችና ለምትታለብ እናት ፍየል የሴሌኒየም እርሾ ተጨማሪ ገንዘቡን ይመልሳል። መርፌ ለታመመ ግልገል ነው። ቦለስ (የሚዋጥ ከባድ እንክብል) መኖ በየቀኑ ለማይሰጠው የግጦሽ መንጋ ነው። ናኖ ሴሌኒየም (እጅግ ደቃቅ የሴሌኒየም ቅንጣት) ለተመራማሪ እንጂ ለደላቢ ገና አልደረሰም። «የጨጓራ ባክቴሪያን ያጎለብታል» የሚለው የሻጭ ቃል ደግሞ ለብቻው ምንም ዓይነት ሴሌኒየም ለመግዛት ምክንያት አይሆንም።

ጨጓራ ውስጥ የሚሆነው

ጨጓራ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል፤ አሲድነቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 6.8 ፒኤች ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሴሌናይት በቀላሉ ኦክስጅኑን ይነጠቃል። እንደ ሴሌኖሞናስ ሩሚናንቲየም ያሉ የጨጓራ ባክቴሪያዎች ወደ ውስጣቸው አስገብተው ከፊሉን ወደ ንጹሕ ሴሌኒየም ይቀይሩታል። ይህ በውኃ የማይሟሟ ደቃቅ ነገር ከፈርሱ ጋር ወደ አንጀት ወርዶ ከበጠጥ ጋር ይወጣል። ሌላው ክፍል በባክቴሪያው ፕሮቲን ውስጥ ይገባል፤ ባክቴሪያው ራሱ በትንሹ አንጀት ሲፈጭ ፍየሏ ይህን ክፍል መልሳ ታገኘዋለች።

ለተሕዋስያኑ ራሳቸው ሴሌኒየም ምን ይሠራል? ከፊሎቹ በኢንዛይሞቻቸው ውስጥ ይጠቀሙበታል፤ ፎርሜትን የሚሰብረው ኢንዛይም አንዱ ነው። ሌሎቹ አይፈልጉትም፤ ሲበዛባቸው ግን ይጎዳቸዋል። በበግና በፍየል ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ደጋግሞ የታየው ውጤት ይህ ነው፦ መጠነኛ ሴሌኒየም ሲጨመር በጨጓራ ውስጥ የሚመረቱትና ፍየሏ ጉልበት የምታገኝባቸው ተናኝ የስብ አሲዶች ይጨምራሉ፣ ከእነሱም ከአሴቴት ይልቅ የፕሮፒዮኔት ድርሻ ከፍ ይላል፣ አሞኒያ ይቀንሳል፣ የቃጫ (ፋይበር) መፈጨትም ይሻሻላል። መጠኑ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ጥቅሙ ይቆማል፤ ከዚያም ይቀንሳል። እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። ጎላ ያለ ለውጥ ያሳዩት አንዳንዶቹ ሙከራዎች በአንድ ኪሎ መኖ እስከ 4 ሚሊግራም ድረስ ሰጥተዋል። የአሜሪካ ደንብ በተሟላ መኖ ላይ እንዲጨመር የሚፈቅደው 0.3 ሚሊግራም ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከመኖው የተፈጥሮ ይዘት ጋር ተደምሮ 0.5 ሚሊግራም ነው። በ4 ሚሊግራም የተገኘ ውጤት ለ0.3 ሚሊግራም ምርት ማስታወቂያ ሊሆን አይችልም።

መጀመሪያ ያስፈልጋልን?

ሴሌኒየም ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ፍየል ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 የታተሙ የሰው ደምና የእህል ጥናቶች በኢትዮጵያ የሴሌኒየም መጠን ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይተዋል። በምዕራቡ ደጋ እንዳለው ቀይና አሲዳማ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ሴሌኒየሙን አጥብቀው ስለሚይዙት ተክሉ ጥቂት ብቻ ያገኛል። በስምጥ ሸለቆ አሲዳማ ባልሆነ አፈር ላይ ግን ተክሉ በቀላሉ ይወስደዋል። ስለዚህ አንዱ ወረዳ ላይ የሠራ መጠን ለሌላው አይገለበጥም። የሴሌኒየም እጥረትን የሚያመለክቱት ምልክቶች የግልገል እግር መገተር፣ ጀርባን አጉብጦ መቆም፣ መጥባት እያቃተው ድንገት መሞት፣ በእናቲቱ በኩል ደግሞ የእንግዴ ልጅ መቅረትና ደካማ ግልገል መውለድ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ሌላ መነሻም ስላላቸው የደም ምርመራ ይሻላል፤ በሙሉ ደም ከ0.05 ሚሊግራም በሊትር በታች ከሆነ እጥረት አለ፣ ከ0.1 በላይ ከሆነ ደግሞ መጨመር ብዙም አይፈይድም።

አንድ ነገር ግን ያለ ምርመራም ይታወቃል። ገለባ ብቻ የሚበላ ፍየል ጨጓራው የሚሰንፈው በሴሌኒየም እጦት አይደለም። ገለባ በአብዛኛው 4 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው ያለው፤ የጨጓራ ተሕዋስያን በቅጡ ለመራባት ቢያንስ 7 በመቶ ይፈልጋሉ። ለዚህ ፍየል መጀመሪያ ፋጉሎ ወይም የሉኪኒያ ቅጠል ስጡት፤ ሴሌኒየሙ ከዚያ በኋላ ይታሰባል። ለምለም ቅጠል ቫይታሚን ኢም ያመጣል፤ እሱና ሴሌኒየም ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉድለት በከፊል ይሸፍናሉ። የበጋው ደረቅ ሣር ቫይታሚን ኢ እምብዛም ስለሌለው ጡንቻው ነጭ የሚሆንበት የግልገል በሽታ በብዛት የሚመጣው ያኔ ነው።

ሶዲየም ሴሌናይት

ርካሽ ነው፣ በየፕሪሚክሱ ውስጥ ይገኛል፣ መጠኑም የታወቀ ነው። ድካሙ ከላይ እንደተባለው ብዙው በጨጓራ መጥፋቱ ነው። ቢሆንም በሚፈቀደው መጠን ከተሰጠ ለድለባ ፍየል ሦስትና አራት ወር የሚያስፈልገውን ያሟላል። ለተሕዋስያኑም ቢሆን ሴሌናይት ወዲያው የሚገኝ ነው። ጨጓራን ብቻ ለሚያስብ ሰው ከእርሾው ያን ያህል የሚያንስ አይደለም።

ከሴሌናይት ጋር ስሙ የሚምታታው ሶዲየም ሴሌኔት ነው። ሴሌኔት በጨጓራ ውስጥ በዝግታ ስለሚለወጥ ትንሽ የተሻለ ይደርሳል። ነገር ግን በድኝ የበዛበት መኖ ይሻማዋል፤ ለምሳሌ ሞላሰስ በርከት ያለ ድኝ አለው። ሞላሰስና ዩሪያ ያለበትን የሚላስ ብሎክ ለሚጠቀም ሰው ሴሌኔት ጥሩ ምርጫ አይደለም። የኬሚካሉ ስም እንዳያሳስት ቀመሩን ተመልከቱ፤ በሴሌናይት ክብደት ውስጥ 45.7 በመቶ ሴሌኒየም አለ፣ በሴሌኔት ውስጥ 41.8 በመቶ።

የሴሌኒየም እርሾ

እርሾው ሴሌኒየም በበዛበት ማብላያ ላይ ያደገ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ ነው። ሴሌኒየሙ በብዛት ሴሌኖሜቲዮኒን በሚባል አሚኖ አሲድ መልክ ይቀመጣል። የጨጓራ ተሕዋስያን ይህን እንደ ማንኛውም ሜቲዮኒን ቆጥረው ፕሮቲናቸው ውስጥ ያስገቡታል። ወደ ንጹሕ ሴሌኒየም ተለውጦ የሚባክነው ከሴሌናይቱ ያነሰ ነው፤ አንጀትም እንደ አሚኖ አሲድ ይቀበለዋል። ውጤቱ ጎልቶ የሚታየው በወተትና በእንገር ነው፤ እርሾ ያገኘች እናት ወተቷ ውስጥ የሚገባው ሴሌኒየም ሴሌናይት ካገኘችው በእጅጉ ይበልጣል። በጡንቻ ውስጥም ስለሚከማች መኖው ለጥቂት ሳምንት ቢቋረጥ እንኳ ስንቅ ይሆናል። ከ150 ቀኑ እርግዝና የመጨረሻዎቹን 6 እስከ 8 ሳምንታት መስጠት የሚመከረው ለዚህ ነው።

በእርሾው ዙሪያ የሚሰማው ትልቁ ስሕተት የሕያው እርሾን ጥቅም ለሱ መስጠት ነው። በገበያ ያለው የሴሌኒየም እርሾ አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ነው፤ ኦክስጅን እየበላ ጨጓራን አያስተካክልም። አንድ ሙከራ የሴሌኒየም እርሾን ምንም ካልተጨመረበት መኖ ጋር ብቻ አወዳድሮ «ቃጫ የሚፈጩ ባክቴሪያዎች በዙ» ካለ፣ ሴሌኒየሙ ይሁን የእርሾው ፕሮቲንና ቫይታሚን ለይቶ አላወቀም። ሴሌኒየም የሌለበት ተራ እርሾ የተሰጠው ሦስተኛ ቡድን መኖሩን ፈልጉ። የአውሮፓ ኅብረት ከእንዲህ ዓይነቱ ኦርጋኒክ ሴሌኒየም እንዲጨመር የሚፈቅደው በኪሎ እስከ 0.2 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ በሥጋና በወተት በደንብ ስለሚከማች ነው የተገደበው።

ናኖ ሴሌኒየም

የሴሌናይትን ኦክስጅን በአስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ) ወይም በመሰል ነገር ነጥቆ፣ በፕሮቲን ወይም በስኳር ዓይነት ሸፍኖ የሚሠራ ቀይ ደቃቅ ነው። በጨጓራ ውስጥ በሚካሄደው መብላላት ላይ ጥሩ ውጤት ያሳዩ ሙከራዎች አሉት፤ የመመረዝ ኃይሉም ከሴሌናይት ያነሰ ነው። ግን አስቡት፤ የጨጓራ ባክቴሪያ ከሴሌናይት የሚሠራውና ከበጠጥ ጋር የሚባክነው ያው ንጹሕ ሴሌኒየም ነው። ናኖውን የተለየ የሚያደርገው የቅንጣቱ ማነስና ሽፋኑ ብቻ ነው። በማከማቻ ሙቀት ቅንጣቶቹ ሲጣበቁ ቀዩ መልክ ወደ ግራጫና ጥቁር ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የተከፈለበት ልዩነት ጠፍቷል። የቅንጣት መጠን የምርመራ ወረቀት የሌለውን፣ ወይም ጠርሙሱ ሲከፈት ከሥር ጥቁር ዝቃጭ የሚታይበትን አትግዙ።

ጨው፣ ቦለስ፣ መርፌ

የሚላስ ጨው ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ፍየል በቀን 8 ግራም ጨው ብትልስና በኪሎ ጨው 25 ሚሊግራም ሴሌኒየም ቢኖር 0.2 ሚሊግራም ታገኛለች። ችግሩ ጉልበተኛዋ 20 ግራም ልሳ ደካማዋ ምንም አለማግኘቷ ነው። ጡቡ ዝናብ ላይ ከዋለም ሴሌናይቱ ታጥቦ ይሄዳል። አሞሌ ጨው ሴሌኒየም አልተጨመረበትም፤ አሞሌና ማዕድን ጨው አንድ ላይ ከቀረቡ ደግሞ ፍየሎቹ ርካሹን ልሰው ይጠግባሉ።

ቦለስ በአፍ ተገፍቶ የሚዋጥ ከባድ እንክብል ሲሆን ጨጓራ አጠገብ ባለው ትንሽ ከረጢት ተቀምጦ ለወራት በዝግታ ይሟሟል። ተሕዋስያኑ በየቀኑ ተመሳሳይ መጠን ስለሚያገኙ መዋዠቅ የለም። ለበግ የተሠራውን ለፍየል ከመስጠት በፊት የክብደት ወለሉን መለያው ላይ አንብቡ፤ የትንሽ ግልገል ጉሮሮ ይቀድዳል ወይም ተመልሶ ይወጣል። አንዳንዱ ቦለስ መዳብም ስላለው ሌላ መዳብ ያለበት መኖ ጋር አይደረብ። ከሰጣችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት በረት ውስጥ ጠብቁ፤ የተፉትን ትለቅማላችሁ።

መርፌ ጨጓራን ሙሉ በሙሉ ይዘላል። ስለዚህ በተሕዋስያኑ ላይ ቀጥተኛ ሥራ የለውም፤ ለጨጓራ ብሎ መርፌ መውጋት ትርጉም የለውም። ለታመመ ግልገል ግን ከሁሉ ፈጣኑ ነው። የተለመደው መጠን በኪሎ 0.05 ሚሊግራም ገደማ ነው። 25 ኪሎ ለምትመዝን ፍየል 1.25 ሚሊግራም ይሆናል፤ በሚሊ 1 ሚሊግራም ካለው ጠርሙስ 1.25 ሚሊ። በገበያ ላይ ግን በሚሊ 5 ሚሊግራም ያለውም አለ፤ ከዚያ የሚበቃው 0.25 ሚሊ ነው። ጠርሙሶቹን ያልለየ ሰው 5 እጥፍ ይወጋል፤ ሁለት ጊዜ ከደገመው 10 እጥፍ ደረሰ፣ ፍየሏም በዚያው ቀን ልትሞት ትችላለች። መመረዙን የሚመልስ መድኃኒት የለም። 3 ኪሎ ለሆነ ግልገል በሚሊ 1 ሚሊግራም ካለው ጠርሙስ 0.15 ሚሊ ብቻ ስለሆነ ባለ 1 ሚሊ የኢንሱሊን መርፌ ተጠቀሙ፤ ባለ 10 ሚሊው ይህን መስመር አያሳይም። አንዳንዱ ምርት ላረገዙ እንዳይሰጥ መለያው ላይ ይከለክላል፤ ለእነሱ በመኖ ስጡ። ባሪየም ሴሌኔት ያለበት ዘገምተኛ መርፌ በተወጋው ቦታ ለወራት ይቀመጣል፤ ያ ሥጋ ለምግብ መዋል የለበትም።

ግልገል ወተት ሲጠባ ወተቱ ጨጓራውን ዘሎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ይወርዳል። ሴሌናይት የሚያባክኑበት ተሕዋስያንም ገና አልተደራጁም። ስለዚህ በወተት ወይም በአፍ የሚጠባው ሴሌናይት እንደ አሳማው በደንብ ይገባል፤ የእናቲቱን መጠን በክብደት አካፍሎ መስጠት ከሚያስፈልገው በላይ ይሆናል።

ስሌቱና ቅልቅሉ

25 ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን 0.9 ኪሎ ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል፤ ከዚህ 0.3 ኪሎው ድብልቅ መኖ፣ ቀሪው ድርቆሽና ቅጠል። በአጠቃላይ መኖው ላይ በኪሎ 0.2 ሚሊግራም እንጨምር ካልን በቀን 0.18 ሚሊግራም ይሆናል። ይህ ሁሉ በ0.3 ኪሎው ድብልቅ ውስጥ ስለሚገባ ድብልቁ በኪሎ 0.6 ሚሊግራም፣ 100 ኪሎው 60 ሚሊግራም ሴሌኒየም መያዝ አለበት። ከንጹሕ ሶዲየም ሴሌናይት ይህ 131 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ የሱቅ ሚዛን አያየውም፣ ዱቄቱም ለሰው ገዳይ መርዝ ነው። ንጹሑን ፈጽሞ አትግዙ። በኪሎ 600 ሚሊግራም ሴሌኒየም ካለው ፕሪሚክስ 100 ግራም፣ 200 ሚሊግራም ካለው 300 ግራም፣ በኪሎ 2,000 ሚሊግራም ካለው እርሾ 30 ግራም ይበቃል። ፋብሪካው ሴሌኒየም አስቀድሞ የጨመረበት መኖ ከሆነ ግን ምንም አትጨምሩ።

መቀላቀሉ በሦስት ደረጃ ነው። 100 ግራሙን በ1 ኪሎ ፉርሽካ፣ ያንን በ10 ኪሎ፣ ያንን ደግሞ በቀረው ላይ። ደቃቁ ከፕላስቲክ ባልዲ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅና በመንገድ ላይ ወደ ከረጢቱ ሥር እንዳይወርድ በመጀመሪያው ኪሎ ፉርሽካ ላይ 10 ግራም ያህል የምግብ ዘይት እሹበት። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አይቅር። ቅልቅላችሁ እኩል መሆኑን ለማየት አንድ ጊዜ በፕሪሚክሱ ፈንታ 100 ግራም እርድ ተጠቅማችሁ ሞክሩ፤ ከአምስት ቦታ እፍኝ አንስታችሁ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ስትጫኑት ቢጫው እኩል ካልሆነ ሴሌኒየሙም እኩል አይሆንም።

ይህ ድብልቅ ለ0.3 ኪሎ የተሠራ ነው። ሠራተኛው «ይበላ» ብሎ 0.8 ኪሎ ከሰጠ ፍየሏ በቀን 0.48 ሚሊግራም ታገኛለች፤ ወዲያው አትመረዝም፤ ከደንቡ ግን አልፋለች፣ በዚያ ላይ የእህሉ ብዛት ጨጓራዋን ያኮመጥጠዋል። ለሚያመሰኩ እንስሳት መቻያ ጣራ ተብሎ የሚጠቀሰው በኪሎ 5 ሚሊግራም ነው፤ ይህ ግን የሥራ መጠን አይደለም። ሲበዛ ትንፋሽ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ ጸጉር ይረግፋል፣ ሰኮና ይሰነጠቃል። መርፌ፣ ቦለስና ፕሪሚክስ መደረብ ወደዚህ የሚወስደው አጭሩ መንገድ ነው።

የዶሮ ፕሪሚክስ ለፍየል የሚያውሉ አሉ። ሴሌኒየም አለው፤ ግን የዶሮ ኮክሲዲያ መከላከያ ሊኖረው ይችላል። እንደ ሞኔንሲን ያለው ከሆነ የተረፈውን የበላች አህያ ልትሞት ትችላለች።

ለውጡን መለካት

የመኖ ለውጥ ካደረጋችሁ ለተሕዋስያኑ መለማመጃ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት ስጡ፤ በዚያው ሳምንት ፉርሽካም ጨምራችሁ፣ የጥገኛ መድኃኒትም ሰጥታችሁ ከሆነ የታየው ለውጥ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የጨጓራውን ተሕዋስያን ለማየት ፈርሱ በቱቦ ከጨጓራው መወሰድ አለበት፤ መጀመሪያ የሚወጣው ምራቅ ስለሚቀላቀልበት ይደፋል። በጠጥ የሚያሳየው የኋለኛውን አንጀት ነው፤ በበጠጥ ብቻ ተሠርቶ ስለ ጨጓራ የሚናገር ጥናት ሲያጋጥማችሁ ድምዳሜውን አትቀበሉ። አንድ የባክቴሪያ ዝርያ «በመቶኛ ጨመረ» ሲባልም ሌሎቹ ስለቀነሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ላብራቶሪ ለሌለው ሰው ሚዛን ይበቃል። ከመንጋው ግማሹን ያለ ሴሌኒየም በተመሳሳይ መኖ አቆዩ፤ በየ15 ቀኑ ጠዋት ሳይበሉ መዝኑ። በእናቶቹ በኩል ደግሞ የእንግዴ ልጅ የቀረባቸውንና ተነስተው ያልጠቡ ግልገሎችን በሁለቱም ወገን መዝግቡ። ደም ለማስመርመር ከሆነ ሴረም (ሕዋሳቱ የተለዩለት የደም ፈሳሽ) የቅርቡን ሳምንታት፣ ሙሉ ደም ደግሞ የሦስት ወር ገደማ ታሪክ ነው የሚያሳየው፤ ቀይ የደም ሕዋስ ሲሠራ የያዘውን ሴሌኒየም እስኪያረጅ ይዞ ስለሚቆይ። ስለዚህ ሙሉ ደም መኖው ከተቀየረ በወሩ ተመርምሮ «አልሠራም» ቢባል ገና ነው፤ ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ድገሙት።